ባለ 6 እግሯ መዥገር ነፍሳት ናት አይደለችም? ቤታችን ታምሷል

የሚጣ እናት፣ ሀዋሳ (እሁድ ማታ 1:20)
ሰላም እንደምን አመሻችሁ፣ እዚህ የባዮሎጂ ሰው አይጠፋም ብዬ ነው። የ5ኛ ክፍል ልጄ ለማክሰኞ 10 ነፍሳት በጠርሙስ ሰብስባችሁ ስማቸውን ፅፋችሁ አምጡ ተብላለች። ከዓርብ ጀምሮ የማርማላታ ጠርሙሷን ታቅፋ ነው የምትተኛው። እስካሁን ያላት በረሮ፣ ጉንዳን፣ መስኮት ላይ ሞታ የተገኘች ንብ፣ ፌንጣ፣ ቢራቢሮ፣ ዝንብ፣ ሸረሪት እና ከጎረቤት ውሻ ጆሮ ላይ የለቀመቻት የሰሊጥ ፍሬ እንኳ የማታክል መዥገር። 8 መሆኑ ነው።

ወንድሜ መጥቶ አየና ሸረሪቷን አውጪ፣ ነፍሳት 6 እግር ነው ያለው ሸረሪት 8 ነው አላት፣ እሺ ብላ አወጣች። ቀጥሎ መዥገሯንም አውጪ የሸረሪት ዘመድ ናት ሲላት ግን እምቢ! በስልኬ ካሜራ አጉልታ ቆጠረች፣ 6 እግር። እኔም ቆጠርኩ፣ አባቷም ቆጠረ፣ 6 ነው። ወንድሜ አንዱ ጥንድ ተቆርጦ ይሆናል ይላል፣ ግራና ቀኝ እኩል እንዴት ይቆረጣል? አባቷ ደግሞ "ነፍስ ካለው ነፍሳት ነው፣ አስገቢው" ብሎ ወደ ዜናው ተመለሰ። ልጅቷ እያለቀሰች ነው፣ እባካችሁ ማናችን ነን ልክ?

ቆሮሶ_ጥብስ (እሁድ ማታ 1:31)
የአባትየው ይመቸኛል ሃሃሃ። በሳቸው ሂሳብ እኔም ነፍሳት ነኝ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ቦታ ካለ ንገሪኝ።

ታቦር ስር (እሁድ ማታ 1:58)
የሚጣ እናት፣ ልጅሽን አታስለቅሷት፣ የቆጠረችው ትክክል ነው። ወንድምሽም ትክክል ነው። አሁን ጡረታ ወጣሁ እንጂ ብዙ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ፣ ፈተና ላይ እግሩ ስንት ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም፣ እግሩ ከየት በቀለ ነበር ጥያቄዬ። ሁሉም ተማሪ 6 ብሎ ሸምድዶ ይመጣና እዛ ጋ ይወድቃል።

በረሮዋን በጀርባዋ አስተኟት። 3 ቦታ ትከፈላለች፣ ራስ፣ ደረት፣ ሆድ። ራሷ ላይ ዓይን፣ አፍ እና ያ ሲወዛወዝ የሚዘገንነው 1 ጥንድ አንቴና አለ። ደረቷ ራሱ 3 ቀለበት ነው፣ ከእያንዳንዱ ቀለበት 1 ጥንድ እግር ይወጣል፣ በቃ 6ቱ የመጡት ከዚህ ነው። ክንፍ ያለው ነፍሳት ከሆነ ክንፉም የሚበቅለው ከ2ኛውና ከ3ኛው የደረት ቀለበት ነው። ሆዷ ላይ መራመጃ እግር የለም። ግን ሆዷን ከጎን በማጉያ መነፅር ካያችሁት በተርታ የተበሱ ቀዳዳዎች ታያላችሁ፣ የምትተነፍሰው በነሱ ነው፣ አየሩ በቀጫጭን ቱቦ እየተከፋፈለ እስከ ጡንቻዋ ድረስ በቀጥታ ይገባል፣ ሳንባ የሚባል የላትም፣ በአፍንጫም በአፍም አትተነፍስም። ለዚህ ነው ራሷ ተቆርጦ እንኳ ቀናት የምትቆየው። ቤት ውስጥ የሳሙና ውሃ ስትረጩባት የምትገለበጠውም በዚሁ ምክንያት ነው፣ ንፁህ ውሃ ከቅባታማ ቆዳዋ ላይ ይንሸራተታል፣ ሳሙና ሲገባበት ግን ቀዳዳው ውስጥ ሰርጎ ያፍናታል።

አሁን ሸረሪቷን ከጎኗ አድርጉ። እሷ 2 ክፍል ብቻ ናት። ራስና ደረቷ አንድ ላይ ተጋግሯል፣ ከኋላ ሆዷ በቀጭን ወገብ ይያያዛል፣ 8ቱም እግሮች ከፊተኛው ክፍል ነው የሚወጡት። አንቴና ብትፈልጉ አታገኙም። አፏ ፊት ለፊት ጫፋቸው ላይ መርዝ መውጊያ ያላቸው 2 መንከሻዎች አሉ፣ ከነሱ ጎን ደግሞ እግር የሚመስሉ ግን የማትራመድባቸው 2 መዳሰሻዎች። እነዚህን ጨምረው 10 እግር አላት የሚሉኝ ተማሪዎች ነበሩ፣ ቆጠራቸው ጥሩ ነበር መልሳቸው ዜሮ። ዓይኗም ከዝንብ ይለያል፣ የዝንብ ዓይን በሺ ከሚቆጠሩ ትንንሽ ዓይኖች የተገጣጠመ ነው፣ የሸረሪት ግን ተራ ተራ ዓይን ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ 8 ነው።

የመዥገሯን ጉዳይ ነገ፣ መብራት ሄዷል ስልኬም 4 ፐርሰንት ላይ ነው።

ሙዝ_በዳቦ (እሁድ ማታ 2:15)
ጋሽ ቲቸር ሳይተኙ አንድ ነገር፣ ጉንዳን 3 ክፍል ነው ይላሉ እኔ ግን ሁሌ 4 ሆኖ ነው የሚታየኝ፣ መሀል ላይ ያለችው ትንሽ እብጠት ምንድናት?

ቆሮሶ_ጥብስ (እሁድ ማታ 2:16)
ቲቸር 4 ፐርሰንት ላይ ናቸው ተዋቸው።

የናዝሬት ልጅ፣ አዳማ (እሁድ ማታ 2:40)
እኔ ልመልስ፣ ያቺ እብጠት የሆዷ አካል ናት፣ ሆዷ ከፊቱ ቀጥኖ ወገብ ስለሰራ ነው የተለየች የምትመስለው። ስለዚህ 3 ነው።

ሌላው የሚጣ እናት፣ ወደ እኛ አገር ብትመጡ ጠርሙሱ አይበቃችሁም። ሰፈራችን ጫፍ ላይ ድንጋይ ስታነሳ ጊንጥ ነው። ጊንጥም እንደ ሸረሪት 8 እግር ነው፣ ያ ከፊት ያለው መቆንጠጫው እግር አይደለም፣ ቲቸር መዳሰሻ ያሉት ነገር ነው እሱ ላይ አድጎ መቆንጠጫ የሆነው። ጅራት የምንለው ደግሞ ጅራት አይደለም የሆዱ ቀጣይ ነው፣ አንጀቱ እስከዛ ድረስ ይሄዳል፣ ይቅርታ አድርጉልኝና መፀዳጃው ከመርዙ ከረጢት ትንሽ ቀደም ብሎ ነው ያለው። የሚተነፍሰውም እንደ መፅሐፍ ቅጠል በተደራረበ ሳንባ ነው።

እና አንድ የሚያዝናና ነገር፣ አጎቴ ሱቅ ሀሰተኛ ብር የሚፈትሽበት ሰማያዊ መብራት አለ አይደል፣ ማታ እሱን ይዘን ወጥተን ጊንጥ ላይ ስናበራበት ሰውነቱ በሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል! ቆዳው ውስጥ ያለ ነገር ነው ጨረሩን መልሶ የሚያበራው፣ የሞተ ጊንጥ እንኳ ያበራል። ካየሁት ጀምሮ ሳላበራ ሽንት ቤት አልሄድም። እናቲቱ ደግሞ እንቁላል አትጥልም ትወልዳለች፣ ከዛ ጫጩቶቿን ጀርባዋ ላይ አዝላ ነው የምትዞረው፣ የመጀመሪያ ቆዳቸውን እስኪገፉ ድረስ።

ደግሞ ያ ማታ መብራት ተከትሎ የሚሮጠው ትልቁ ቢጫ ሸረሪት መሳይ አለ፣ ሰው ያሳድዳል የሚባለው። እሱም የሸረሪት ወገን ነው፣ 10 እግር ያለው ይመስላል፣ የፊቶቹ 2ቱ መዳሰሻ ናቸው። ሰው አያሳድድም፣ ጥላ ነው የሚፈልገው፣ አንተ ስትሮጥ ጥላህ ይሮጣል እሱም ይከተላል። መርዝ የለውም ግን መንከሻው ያማል።

ሙዝ_በዳቦ (እሁድ ማታ 2:52)
ከ10 ዓመት በፊት ሶደሬ ላይ ጫማዬን ጥዬ የሮጥኩት ጥላዬን ፈልጎ ነው ማለት ነው?? ጫማዬን ማን ይመልስልኝ

የከብት ልጅ (ሰኞ ጠዋት 12:45)
የመዥገሯን እኔ ልጨርሰው፣ የእንስሳት ጤና ነው ስራዬ፣ በቀን የማየው መዥገር ከሰው ይበልጣል።

ልጅቷ ልክ ናት፣ 6 ነው እግሯ። ምክንያቱም መዥገሯ ህፃን ናት። መዥገር ከእንቁላል ስትፈለፈል በ6 እግር ነው የምትወጣው፣ አንዴ ደም ትጠጣና ቆዳዋን ትገፋለች ያኔ 8 ትሆናለች፣ እንደገና ጠጥታ ገፋ ታደርግና ትልቅ መዥገር ትሆናለች። የሰሊጥ ፍሬ አታክልም ብለሽ የለ፣ ያ ነው ምልክቱ። አጎትየው "ተቆርጦ ይሆናል" ያለው ግን ልክ አይደለም፣ ገና ሳይበቅል ነው።

ታዲያ 6 እግር ካላት በምን ነፍሳት አይደለችም? አንቴና የላትም። ደረት ተብሎ የሚለይ ነገር የላትም፣ ራስ ተብሎ የሚለይም የላትም፣ ሰውነቷ አንድ ከረጢት ነው፣ ከፊቱ አፍ ብቻ ነው የወጣው። ሰው መዥገር ሲነቅል "ጭንቅላቱ ቆዳ ውስጥ ቀረ" የሚለው አፉን ነው። እሱን ካነሳን አይቀር፣ ላምባ አትቀቡ፣ በክብሪት አታቃጥሉ፣ ሲጨንቃት ምራቋን ነው የምትተፋባችሁ በሽታውም የሚገባው በሱ ነው። በወረንጦ ቆዳው ጋ ጠጋ ብላችሁ ያዙና ሳትጠመዝዙ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፣ ከዛ እጃችሁን ታጠቡ። ልጅቷም የውሻ ጆሮ በባዶ እጇ ባትለቅም ጥሩ ነው።

እከክ የሚያመጣውም እንደዚሁ ነው፣ በዓይን የማይታይ የመዥገር ዘመድ ነው ቆዳ ውስጥ ጉድጓድ የሚቆፍረው። ቅማል ቁንጫ ትኋን ግን ነፍሳት ናቸው፣ ክንፍ ስለሌላቸው ሰው ያደናግራሉ።

የሚጣ እናት (ሰኞ ጠዋት 1:10)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ፣ ጋሼም እንዲሁ። ስነግራት ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ፣ "ማሚ አንቴና አላት እኮ፣ ሁለቱን ከፍ አድርጋ ስታወዛውዝ አይቻለሁ"። አሁን በዚህ ምን ልበላት ወደ ትምህርት ቤት ልሸኛት ነው።

የከብት ልጅ (ሰኞ ጠዋት 1:22)
ይቺ ልጅ ሀኪም ነው የምትሆነው። ያ አንቴና ሳይሆን የፊት እግሯ ነው። መዥገር ሳር ጫፍ ላይ ወጥታ በኋላ እግሮቿ ተንጠልጥላ የፊቶቹን ዘርግታ ነው ከብት የምትጠብቀው፣ እዛ እግሯ ላይ ሽታ የምታሸትበት ጉድጓድ አለ፣ ትንፋሽሽን ከሩቅ ታውቀዋለች። ስለዚህ ስራው የአንቴና ነው፣ አካሉ ግን እግር ነው። ከፍ ያደረገቻቸውን ጨምራ ነው 6 የቆጠረችው? እሱን ጠይቂያት።

የሚጣ እናት (ሰኞ ጠዋት 1:25)
ጨምራ ነው። በ4 እግር ብቻ ቆማ ነበር አለች። ገባት መሰለኝ ዝም ብላ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች።

ታቦር ስር (ሰኞ ከሰዓት 9:05)
መብራት መጣ። የከብት ልጅ እጅህ ይባረክ፣ እኔ ከምፅፈው የተሻለ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለሚጣ አባት ማፅናኛ ይሁን። ሸረሪትን ከነፍሳት ጋር የደባለቀው እሱ ብቻ አይደለም። እንስሳትን በስርዓት የመደበው ስዊድናዊው ሊኔየስ ራሱ በ1758 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዝርዝር ሸረሪትና ጊንጥን ክንፍ የለሽ ነፍሳት ብሎ እዛው ከቁንጫ ጋር ነበር የከተታቸው። ክንፍ የላቸውም፣ በቃ። ለብቻቸው ክፍል የሰጣቸው ፈረንሳዊው ላማርክ ነው፣ 1800 ገደማ። እኛም በአማርኛ ሸረሪት፣ ጊንጥ፣ መዥገር እያልን ለየብቻ እንጠራለን እንጂ ሁሉንም የሚያቅፍ የሰፈር ቃል የለንም፣ መፅሐፉ አራክኒድ ይላል እኔ ክፍል ውስጥ የሸረሪት ወገን ነበር የምለው።

ቆሮሶ_ጥብስ (ሰኞ ከሰዓት 9:30)
ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለን የተረትንባት ሸረሪት ለወገኗ እንኳ የሰፈር ስም ሳይኖራት!

እና የሚጣ እናት ሸረሪትና መዥገር ከወጡ 6 ቀራችሁ ማለት ነው፣ 4 ይጎድላችኋል ነገ ደግሞ ማክሰኞ ነው። ማታ 12 ሰዓት ላይ ፍቅር ሐይቅ ጋ ውረዱ፣ መብራቱ ስር እንደ ጢስ የሚሰፍረው ትንኝ መሳይ አለላችሁ በነፃ።

ሙዝ_በዳቦ (ሰኞ ከሰዓት 9:41)
እሱማ ወባ ያስይዛል ልጅቷን ወዴት እየላክ ነው

ታቦር ስር (ሰኞ ከሰዓት 10:02)
አይደለም፣ ያ አይነክስም፣ የሚወጋ ረጅም አፍ የለውም። ሲቀመጥ እዩት፣ የፊት እግሮቹን አንስቶ ነው የሚቀመጠው፣ ትንኝ ደግሞ የኋላዎቹን ነው የምታነሳው። የወንዱ አንቴና እንደ ላባ ነው። ልጆቹ ሐይቁ ስር ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ቀይ ትሎች ናቸው፣ ዓሳ ይበላቸዋል። ቀይ የሆኑት እንደኛ ሄሞግሎቢን ስላላቸው ነው፣ ጭቃው ውስጥ አየር ትንሽ ስለሆነ። ይሄ ከነፍሳት መሀል ብርቅ ነው፣ አብዛኛዎቹ ደማቸው ቀለም የለውም ወይ ቢጫ ነው፣ አየር የሚያመላልስላቸው ቱቦው ስለሆነ ደሙ ቀይ መሆን አላስፈለገውም። ዝንብ ስትጨፈልቁ የምታዩት ቀይ ነገር የዓይኗ ቀለም ነው። የሸረሪትና የጊንጥ ደም ደግሞ መዳብ ስላለበት ወደ ሰማያዊ ይሄዳል።

ግን ወባ ትንኝ ከዛው አካባቢ አትጠፋምና ጨለማ ሳይበረታ ተመለሱ፣ እጅጌ ያለው ልበሱ።

የሚጣ አጎት (ሰኞ ማታ 1:15)
የተከሰስኩት እኔ ነኝ። "ተቆርጦ ይሆናል" ያልኩትን አንስቻለሁ።

አሁን ከሐይቅ ዳር ተመልሰን እየለየን ነው። ፌንጣውን ስትገለብጠው ጎኑ ላይ ክብ እንደ ከበሮ ቆዳ የሆነ ነገር አየች፣ ቁስል ነው?

የናዝሬት ልጅ (ሰኞ ማታ 1:24)
ጆሮው ነው! አንቴናው አጭር የሆነ ፌንጣና አንበጣ ጆሮው ሆዱ ላይ ነው፣ የመጀመሪያው ቀለበት ጎን፣ ክንፉ ስር። አንቴናው ረጅም የሆነው ዓይነት ደግሞ የፊት እግሩ ጉልበት አካባቢ ነው ጆሮው። ቢራቢሮዋ ደግሞ በእግሯ ነው የምትቀምሰው። እነዚህ ፍጥረታት ዕቃውን የት እንደሚያስቀምጡ አይታወቅም።

የሚጣ እናት (ሰኞ ማታ 2:05)
ተሳክቷል!! ሐይቅ ዳሩ 7ኛ። ከዛ ውሻ ላይ ቁንጫ በወረንጦ (ጓንት አድርጋ) 8ኛ፣ ከጎን እንደተጨፈለቀ ሳንቲም ቀጫጭን ነው የፀጉር መሀል ለመሄድ ነው መሰለኝ። 9ኛ ነቀዝ ነው፣ አፍንጫው እንደ ዝሆን ረዝሞ አንቴናው ራሱ ከአፍንጫው ላይ ነው የበቀለው፣ ከየት እንደተገኘ አትጠይቁኝ የኔ ጓዳ አይደለም። 10ኛ ጓሮ ካለችው በቆሎ ላይ ተምች፣ ግንባሩ ላይ የተገለበጠ ባላ የመሰለ ነጭ መስመር ያለው፣ ያ በ2009 መጥቶ በቆሎ የጨረሰው መሆኑ ነው። እሱን በህይወቱ በሌላ ጠርሙስ ከነቅጠሉ አደረገችው። ሸረሪቷና መዥገሯ ደግሞ ሌላ ጠርሙስ፣ "የሸረሪት ወገን" ብላ ለጥፋበታለች ጋሼ።

ሸረሪቷ ግን ሞታ እግሯን እንደ ቡጢ ሰብስባለች፣ በረሮዋ እንደዛ አልሆነችም። ለምን ነው?

ታቦር ስር (ሰኞ ማታ 2:20)
ጥሩ ዓይን ነው። የሸረሪት እግር ለማጠፍ ጡንቻ አለው፣ ዋና ዋና መገጣጠሚያዎቹ ላይ ግን ለመዘርጋት ጡንቻ የለውም። የምትዘረጋው ፈሳሽ በግፊት ወደ እግሯ እየላከች ነው፣ ጎማ ሲነፋ እንደሚቆመው። ስትሞት ግፊቱ ይጠፋል፣ እግሩ ይታጠፋል። በረሮ ለሁለቱም ጡንቻ አላት።

የሚጣ እናት (ማክሰኞ ከሰዓት 10:50)
9 ከ10። ልጄ ከሰል መስላ ነው የመጣችው።

የመዥገሯን ነገር ክፍል ፊት አስረድታ አስጨብጭበውላታል፣ የቀነሱባት ተምቹ ላይ ነው። እግሩ ብዙ ነው፣ ትል ነው፣ ነፍሳት አይደለም ተባለች። እኔም ስቆጥረው 16 ነው። እንግዲህ እሱስ?

የከብት ልጅ (ማክሰኞ ከሰዓት 11:08)
ነፍሳት ነው። እግሩ 6 ነው፣ ከራሱ ኋላ ደረቱ ላይ ያሉት 3 ጥንድ ሹል ሹል ያሉት ብቻ ናቸው እውነተኛ እግሮቹ። ሌሎቹ 5 ጥንድ ሆዱ ላይ ያሉት የስጋ ጉብታዎች ናቸው፣ ጫፋቸው ላይ መንጠቆ ስላላቸው ቅጠል ይይዝባቸዋል፣ ሲያድግ ይጠፋሉ። 6 ሲደመር 10 ያው 16 ይመጣል።

ሙዝ_በዳቦ (ማክሰኞ ከሰዓት 11:15)
ሄዳችሁ ተከራከሩ እኛ ምስክር ነን

ታቦር ስር (ማክሰኞ ማታ 12:10)
አትከራከሩ፣ አስተማሪዋ ክፍሏ ውስጥ 60 ልጅ ይኖራታል። ተምቹ ከ3 ሴንቲሜትር በላይ ከሆነ ለመለወጥ ደርሷል ማለት ነው። ጠርሙሱ ውስጥ 4 ጣት የሚሆን እርጥበት ያለው አፈር ጨምሩበት፣ አፉን በሻሽ እሰሩት፣ ቅጠሉን አትንፈጉት። አፈር ውስጥ ገብቶ ቡናማ ሽፋን ይሰራና 1 ሳምንት ከምናምን ቆይቶ የእሳት ራት ሆኖ ይወጣል፣ በ6 እግር። ከነጠርሙሱ ትውሰደው። ብቻ አደራ፣ ሻሹን እንዳትፈቱት፣ ካመለጠች የመንደሩ በቆሎ ላይ ነው እንቁላሏን የምትጥለው።

የሚጣ እናት (ቅዳሜ ጠዋት 3:30)
ሐሙስ ማታ አፈር ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ጠርሙሱ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ነው የተቀመጠው፣ አባቷ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ዜናውን ድምፁን ቀንሶ ነው የሚያየው፣ እንዳይረበሽ ብሎ።